ድንኳን ከመትከል በፊት ማንን እንጠይቅ?

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ድንኳን ተክሎ ማደር የሚያምረው ሰው እየበዛ መጥቷል፤ የሚያውቁኝ ሰዎችም «ባዶ ቦታ የት ይገኛል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው በቅንነት የሚቀርብ ነው። ሆኖም በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ባዶ የሚመስል መሬት ቢሞላም ባለቤት የሌለው መሬት አላየሁም። ሣሩ ሳይነካ ያደገው ለበጋ ታጥሮ እየተጠበቀ ስለሆነ ነው፤ ያልታረሰው ማሳ ጉልበቱን እንዲመልስ ጦም እንዲያድር የተተወ ነው፤ ጽድ የከበበው ጉብታ አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ያለችው ለጥ ያለች መስክ እንኳ የአንድ መንደር የወል ግጦሽ ናት። ስለዚህ በዚህ ማስታወሻ የማሰፍረው ፈቃድ የሚሰጠውን ሰው እንዴት እንደምናገኝ፣ ካገኘነውም በኋላ ምን እንደሚጠበቅብን ነው።

ከሕጉ ልጀምር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት እንደሆነ ይደነግጋል። ብዙ የከተማ ወጣቶች ይህንን ይዘው «የሁላችንም ከሆነ የትም ማደር እንችላለን» ሲሉ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ያው አንቀጽ ለአርሶ አደሩ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት ያረጋግጥለታል፤ ገበሬውም ማሳውን የሚይዘው በስሙ በተሰጠው የይዞታ ደብተር ነው። በይዞታው ላይ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚያድር የሚወስነው እርሱ ነው። የወል ግጦሽ ከሆነ ደግሞ የአንድ ሰው እሺታ አይበቃም፤ ቀበሌውንና የመንደሩን ሽማግሌዎች ማነጋገር ያስፈልጋል። የመንግሥት ደን ከሆነ ጉዳዩ ወደ ወረዳው ይሄዳል፤ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥን ስለሚከለክል፣ «ለምድጃ የምትሆን ጥቂት ጭራሮ» ብሎ ቅርንጫፍ መስበር እንኳ ሰውን ከጥበቃ ጋር ያጋጫል።

ወረቀቱ ይህን ይበል እንጂ በተግባር ፈቃድ የሚጠየቀው በር ላይ ቆሞ ነው። በመንዝ መንገድ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ደጅ የደረስንበትን ምሽት አልረሳውም። «እንደምን አመሹ አባባ» ብለን ከሰላምታ በኋላ፣ ከቤታቸው በታች ባለው መስክ ላይ ድንኳን ተክለን ለማደር እንዲፈቅዱልን ጠየቅናቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ድንኳኑን የያዘውን ከረጢት፣ ከዚያም እኛን ተራ በተራ ተመለከቱን። «ልጆቼ፣ የመሸበት እንግዳ ሜዳ ላይ አድሮ እኔ ከቤቴ ልተኛ? ጎረቤት ምን ይለኛል? ግቡ፤ መደብ አለ፤ እሳትም አለ» አሉ። ጨርቅ ቤት ውስጥ መተኛት የምንወደው ነገር እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብን። በመጨረሻ የተስማማነው ከእርሳቸው ጋር ራት እንድንበላ፣ ድንኳኑም ከአጥሩ ውስጥ፣ ከገለባው ክምር አጠገብ እንዲተከል ነው። ውሻቸውን ራሳቸው አሰሩት፤ ጅቡ በየትኛው በኩል እንደሚያልፍም ነገሩን።

በእኛ አገር ፈቃድ የማግኘት ችግሩ እምቢታ አለመሆኑን ያየሁት በዚህ ዓይነት ምሽቶች ነው። ባለቤቱ እንግዳን ውጭ ማሳደርን ነውር አድርጎ ስለሚቆጥረው ከጠየቅነው በላይ ይሰጠናል፤ እንግዳውም ይህንን ቸርነት ተጠቅሞ ሳይጠይቅ የሚያድርበትን ልማድ ካመጣ፣ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው መንገደኛ በሩ ይጠባል። ገንዘብ ልስጥ ማለት ብዙ ጊዜ ቅር ያሰኛል። ስኳር፣ ቡና ወይም ለልጆቹ ደብተር ይዞ መሄድ ግን ማንንም አያስቀይምም። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ማደር የሚፈልግ ሰው ደግሞ አለቃውን ወይም ቄሰ ገበዙን ሳያገኝ ዕቃውን ከጫንቃው ባያወርድ እመክራለሁ።

ፀጥታን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአካባቢያችን ያለውን ሁኔታ ሁላችንም እናውቀዋለን። በጨለማ ከተራራ ላይ የሚታይ የማይታወቅ መብራት የመንደሩን ሰው ያስደነግጣል፤ ሚሊሻውም ሊያጣራ ይወጣል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከቦታው ሰዎች ሳያረጋግጡ መነሳት ተገቢ አይደለም፤ ሰላም በሆነበትም ቦታ መታወቂያ ይዞ ቀበሌ ቀርቦ፣ ስምና የሚያድሩበትን ቦታ አስመዝግቦ መሄድ ለራስም ለአካባቢውም ዕረፍት ይሰጣል። «አትሂዱ» ከተባለ ደግሞ መመለስ ነው።

ድንኳን ለመትከል ሥርዓት ያለው ቦታ አሳየኝ ለሚለኝ ሰው ሁልጊዜ የማመለክተው የመንዝ ጓሳን ነው። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ የተዘረጋው ይህ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት በእርሻ የተከበበ ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ቦታ የሰማይ ደሴት ይሉታል። ከምድር ወገብ ብዙ ያልራቀ ቢሆንም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ አጥንት ይሰብራል፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ በድንኳኑ ውስጠኛ ጨርቅ ላይ በረዶ ሆኖ ያድርና ጠዋት ሲነኩት ፊት ላይ ይረግፋል። ከዚህ ከፍታ የሚወርደው ውኃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይሄዳል።

ጓሳን የምወደው ግን ከውበቱ ይልቅ ስለተጠበቀበት መንገድ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ወገኖች ቀሮ በሚባለው ሥርዓት መሬቱን በጋራ ሲያስተዳድሩት ኖረዋል። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ በተዘጋበት ጊዜ ከብት አይገባም፣ ሣር አይታጨድም፤ ሲከፈት ደግሞ ባለመብቱ ሁሉ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ሣር ያጭዳል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ይህ ሥርዓት ፈርሶ ነበር፤ የመንዝ ሰው ግን የጥበቃውን ልማድ በአዲስ ደንብ መልሶ አቋቋመው፤ ዛሬም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ይተዳደራል። በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት «ዛሬ አይገባም» እየተባለ የተጠበቀ መሬት ላይ ደርሶ ድንኳኑን በፈለገው ቦታ የሚዘረጋ ሰው፣ ያንን ሁሉ ትዕግሥት እንደ ዋዛ መቁጠሩ ነው።

በጓሳ የጎብኚ መግቢያ ተከፍሎ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ከማኅበረሰቡ ሎጅ አካባቢ ለድንኳን የሚሆን ቦታ ያሳያሉ፤ ስካውት የሚባል ጠባቂም ይመደባል። ለምን ከዚያ ወጣ ብለን አንተክልም የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔም መልሱን ያገኘሁት በመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ ስካውት ነው። ለቦታው ስም የሰጠው ጓሳ የሚባለው ሣር እንደ ቁጥቋጦ በየቦታው ተሰብስቦ ስለሚበቅል በመካከሉ ያለው ጠፍጣፋ መሬት ለድንኳን የተመቸ ይመስላል። ስካውቱ ቁጢጥ አለና ሣሩን በእጁ ወደ ጎን ገለል አደረገው። ከሥሩ ከአንዱ የሣር እግር ወደ ሌላው የሚሄዱ፣ በአይጥ እግር ተረግጠው የለሰለሱ ቀጫጭን መንገዶችና አፋቸው ላይ ትኩስ አፈር ያለባቸው ጉድጓዶች ታዩ። «ወንድሜ፣ ይኼ የቀይ ቀበሮው ጎተራ ነው፤ ከላዩ ስትተኛበት ይደረመሳል» አለኝ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ምግባቸውም በአመዛኙ በእነዚህ ጉድጓዶች ያሉት አይጦችና ፍልፈሎች ናቸው። ውሻ ይዞ መምጣት የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ወደ ቀበሮ ይተላለፋል።

የገደሉ አፋፍም እንዲሁ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ቆላውን ቁልቁል ለማየት ሁሉም ሰው ድንኳኑን ጫፍ ላይ መትከል ይመኛል። ጭላዳዎቹ ግን ቀን ሣር ሲግጡ ውለው ማታ የሚያድሩት በዚያው ገደል ላይ ነው፤ አመሻሽ ላይ ሰውና መብራት ሲያዩ ይረበሻሉ። ነፋሱም ድንኳኑን ይነቅለዋል። አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ቆርጦ እሳት ማንደድ ስለማይቻል ለቡና የሚሆን ትንሽ የጋዝ ምድጃ መያዝ ያስፈልጋል። የተረፈ ምግብና ፌስታል እንደመጣ መመለስ አለበት፤ ቁራዎቹ ምንም ነገር አያሳልፉም።

ስለ ሌላው ዓለም ሳነብ የሃዋይ ደሴቶች አሠራር ከእኛ ጉዳይ ጋር በጣም የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዚያ የባሕሩ ዳርቻ በሕግ የሕዝብ ነው፤ ማንም ሰው ሊውልበት ይችላል። ማደር ግን ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱንም እንደ ቦታው የሚሰጠው አንድ ጊዜ የግዛቱ የፓርኮች መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ጊዜ የደሴቲቱ አስተዳደር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የፌዴራሉ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በካዋይ ደሴት ወደ ካላላው ሸለቆ የሚወስደው 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የእግር መንገድ እጅግ የታወቀ ነው፤ በዚያ ለማደር አስቀድሞ ፈቃድ መግዛት ግዴታ ሲሆን ከ5 ሌሊት በላይም አይፈቀድም። እንግዳው ከቤቱ ሳይነሳ የት እንደሚያድር፣ ለማን እንደሚከፍልና መቼ እንደሚወጣ ያውቃል። የእኛ አባቶች በቀሮ ዘመን የነበራቸው ሐሳብ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ይህ ሐሳብ ከጓሳ ወሰን አልፎ በሌሎቹ ወረዳዎቻችን አለመሠራቱ ግን ያሳዝነኛል።

ወፍ ዋሻን እናስብ። ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና አቅጣጫ ባለው ተዳፋት ላይ የቀረው ይህ ደን፣ ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው ሰማይ የሚነካበት፣ በሸዋ ካሉት ዋና ዋና የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። የአንኮበር ከተማም ዳግማዊ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፤ በገደሎቿም ለዓለም ሳይንስ እስከ 1970ዎቹ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሳትታወቅ የኖረች፣ በከተማዋ ስም የተጠራች አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። እንዲህ ያለ ቦታ ለመጣ እንግዳ «እዚህ አድር፣ እዚያ አትደር» የሚል ምልክት በየመግቢያው ሊኖር ይገባ ነበር። በሌለበት ሁኔታ ሥርዓት የሚወድ ሰው ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲል ይመሽበታል፤ ሥርዓት የማይወደው ደግሞ የትም ዘርግቶ፣ አመዱንና ጣሳውን ጥሎ ይሄዳል። የሚጎዳው ደኑ ነው፤ የሚወቀሰው ደግሞ ከኋላ የሚመጣው ጨዋ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ስል የኖርኩት ለወዳጆቼ ብቻ ነበር። አሁን ግን ከተወሰኑ ባልንጀሮቼ ጋር ሆነን፣ በደኑ ዳር ካሉት መንደሮች ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረን ለወረዳው ደብዳቤ ጽፈናል። የጠየቅነው ብዙ አይደለም፤ ጥቂት የማደሪያ ቦታዎች ተለይተው እንዲታወቁ፣ በድንጋይ ወሰን እንዲከለሉ፣ የአዳር ክፍያው በደረሰኝ እንዲሰበሰብና ከፊሉ ደኑን ለሚጠብቁት ወጣቶች እንዲውል ነው። ደብዳቤውን ስናነብላቸው ሽማግሌዎቹ ሁለት ነገር እንድንጨምር አሳስበውን ነበር፦ ቦታው ከመንደሩ ምንጭ በላይ እንዳይሆንና በመስቀልና በጥምቀት ሰሞን ሕዝቡ የሚሰበሰብባቸው መስኮች ከዝርዝሩ እንዲወጡ። ሁለቱንም ጨምረን ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብተናል፤ ቅጂው በቀበሌው ሊቀ መንበር እጅ ይገኛል።