ፀሐይን የሰነጠቅሁ ዕለት

ዛሬ ከማንም ጋር መነጋገር አላሰኘኝም። ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ፀሐይ እየሞቅሁ ነው የምጽፈው። የተነሣሁት ስለ ትናንቱ ጭቅጭቅ ለመጻፍ ነበር፤ ጀርባዬ ሲሞቅ ግን ትንሿ ልጅ የጠየቀችኝ ትዝ አለኝ። «ፀሐይ የምታበራው በፊሽን ነው በፊውዥን?»

«በፊሽን» አልኋት። ያውም ሳላመነታ።

ፊሽን መሰንጠቅ ነው። እንደ ዩራኒየም 235 ያለ ከባድ አስኳል (የአቶም መሃል) ኒውትሮን የተባለ ቅንጣት ሲገባበት ለሁለት ይከፈልና ሁለት ሦስት ኒውትሮኖች ይለቅቃል፤ እነርሱ ደግሞ ጎረቤቶቻቸውን ይሰነጥቃሉ። ፊውዥን ደግሞ ማዋሃድ ነው። ፀሐይም የምታዋህድ ናት፤ ከሃይድሮጅን ሂሊየም ትሠራለች፤ በዚህም በየሰከንዱ 4 ሚሊዮን ቶን ያህል ቁስ ወደ ኃይል ይለወጣል። እኔ እጄን እያወናጨፍሁ ፀሐይን ለሁለት ስከፍላት ልጅቷ በጥሞና ትጽፍ ነበር።

ያምታታኝ የቃላቱ መመሳሰል ብቻ አይመስለኝም። መስበር ኃይል የሚሰጥ ከሆነ፣ መግጠም ኃይል መጠየቅ አልነበረበትም? ገዢም ሻጭም የሚያተርፉበት ንግድ ሆነብኝ። ምስጢሩ ያለው ብረት ላይ ነው። ብረትና አካባቢው ያሉ አስኳሎች ከሁሉም ይልቅ አጥብቀው የተያያዙ ናቸው። ከብረት እጅግ የከበደው ሲሰነጠቅ፣ እጅግ የቀለለውም ሲዋሃድ፣ ከሁለት ወገን ወደ አንድ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ ኃይሉም የቁልቁለቱ ነው። ብረት ራሱ ቢሰነጥቁትም ቢያዋህዱትም ትርፍ የለውም። ዛሬ እኔም እንደ ብረት ነኝ።

ለመሰንጠቅ አንድ ዘገምተኛ ኒውትሮን ይበቃል፤ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው የሚገፋው የለም። ሊዋሃዱ የሚገባቸው አስኳሎች ግን እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ በፀሐይ እምብርት እንኳ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያስፈልጋል። ፊሽን እ.ኤ.አ. በ1938 በርሊን ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ቺካጎ ውስጥ የመጀመሪያው ሪአክተር (የኑክሌር ምድጃ) ሠራ። ፊውዥንን እ.ኤ.አ. በ2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሌዘር ሞክረው 2.05 ሜጋጁል (የኃይል መለኪያ ነው) አስገብተው 3.15 አወጡ፤ ሌዘሮቹ ራሳቸው ከኤሌክትሪክ መስመር የሳቡት 300 ሜጋጁል ያህል ግን ሒሳቡ ውስጥ የለም። መለያየት ቀላል፣ መዋሃድ ከባድ ነው ብዬ ወደ ትናንቱ ጭቅጭቅ ልመልሰው እጄን ይበላኛል። አላደርገውም።

ሌላም ነገር አለ። በኪሎ ሲሰላ ከፀሐይ ይልቅ የእኔ ገላ ብዙ ሙቀት ያመነጫል። ፀሐይ የበለጠችኝ በግዝፈቷ ብቻ ነው። ይህን እያወቅሁ ጀርባዬን ሰጥቼ እሞቃታለሁ።

የጭቅጭቁ መነሻ ምን እንደ ነበር አሁን ጠፍቶኛል። ያልጠፋኝ፣ ትንሿ ነገ ፈተና እንዳለባት ነው። ደውዬ ልንገራት? በምን አፌ?