ከሪያድ የመጣው ልኬት

ሙሽራዋ የምትሠራው ሪያድ ነው። ሰርጉ ከረመዳን በኋላ፣ በሸዋል፣ ኮምቦልቻ እንዲሆን ተቆረጠ። ቬሎውን ያዘዙት አክስቷ ናቸው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለው ስፌት ቤታችን መጥተው ስልካቸውን አቀበሉንና ቁጥሮቹን አስነበቡ፦ ደረት 80፣ ወገብ 66፣ ዳሌ 86፣ ትከሻ 41፣ እጅጌ 58፣ ከትከሻ እስከ መሬት 136። አንገቱ የተዘጋ፣ እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስ፣ ከኋላ በዚፕ የሚዘጋ። ልጅቷ የምትገባው ሐሙስ፣ ሰርጉ እሁድ።

ዲዛይነሯ ወረቀቱን እንዳየች ትከሻው ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ትከሻዋ 41 የሆነ ልጅ ደረቷ 80 አይሆንም። ወይ ትከሻው በዝቷል፣ ወይ ደረቱ አንሷል። እባክዎ እንደገና ትለካ።»

«ራሷ ለክታ ነው የላከችው። አንቺ በተሰጠሽ ስፊ።»

እዚያው ተደወለ። ልጅቷ ሥራ ላይ ስለነበረች በኋላ በድምፅ መልእክት «ትክክል ነው፣ ሁለቴ ለክቻለሁ፣ አብሽሩ» ብላ ላከች። ከዚህ በላይ መሟገት አልተቻለም። ጨርቁ ተገዛ፦ ሳቲን 5 ሜትር፣ ገበር 5 ሜትር፣ ለጉርዱ ቱል 12 ሜትር፣ ለደረትና ለእጅጌ ዳንቴል 3 ሜትር። ዲዛይነሯ ስትቆርጥ ግን የጎኑን ስፌት ትርፍ በ1 ሳ.ሜ. አልተወችውም፤ በየጠርዙ 2.5 ሳ.ሜ. አደረገችው። ትርፉን በ1 ሳ.ሜ. ከርክሞ ጠርዙን በኦቨርሎክ ማሽን የሚዘጋ ሰፊ ከተማው ውስጥ ሞልቷል። ከውስጥ ሲያዩት በጣም ያምራል። ተዘጋጅቶ ከሚመጣው ቬሎም እንደዚያ ያለ አለ። ሙሽራዋ ሁለት ኪሎ ብትጨምር ግን የሚለቀቅ ጨርቅ የለውም።

ሐሙስ ከሰዓት ልጅቷ ከኮምቦልቻ አየር ማረፊያ በቀጥታ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ለፕሮቫ፣ ቬሎውን ለብሳ ለማየት፣ መጣች። ቬሎው ትከሻው ላይ ልክ ተቀመጠ። ዚፑ ግን ወገቧ ላይ ሲደርስ አልገጥም አለ፤ በሁለቱ ጠርዝ መካከል 6 ሳ.ሜ. ክፍት ቀረ። ልጅቷ ትንፋሿን ሳበች፣ ሆዷን አስገባች፤ ለውጥ የለም። ሳቲን አይለጠጥም፤ በግድ ቢሳብ የሚተረተረው ስፌቱ ላይ ነው።

አክስትየዋ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ «ቁጥር ተሰጥቷችሁ እንኳ መስፋት አቃታችሁ?» አሉ። ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰፊዎችና ሌላ ደንበኛ ነበሩ። እኔ ዛሬም የምናደደው በዚህች ቃል ነው፤ በተሰጠሽ ስፊ ያሉን እሳቸው ናቸውና።

ዲዛይነሯ መልስ አልሰጠችም። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ለልጅቷ አቀበለቻት።

«የኔ ቆንጆ፣ ያኔ እንዴት እንደለካሽ አሁን አሳዪኝ።»

ልጅቷ ሜትሩን ወገቧ ላይ አላዞረችም። ዙሪያዋን አየችና፣ «ቀሚስ ነበር የለካሁት» አለች። «አልጋ ላይ ዘርግቼ ከጎን እስከ ጎን ለካሁና እጥፍ አደረግኩት። ልክ የሚሆነኝን ቀሚስ ነው የለካሁት፣ ወላሂ።»

«ቀሚሱ ይለጠጣል?»

«አዎ፣ ይለጠጣል።»

ነገሩ ይኸው ነው። የሚለጠጥ ጨርቅ ሲሰፋ ከሰውነት አንሶ ነው የሚሰፋው፤ ሲለበስ ተለጥጦ ይይዛል። አልጋ ላይ ተዘርግቶ ሲለካ ያነሰው ልኩ ብቻ ነው የሚገኘው። ትከሻው ግን በስፌት የተያዘ ስለሆነ ብዙም አይለጠጥም፤ ለዚህ ነው ትከሻው እውነቱን የተናገረው። ሰውነቷ ሲለካ ደረቷ 88፣ ወገቧ 74፣ ዳሌዋ 94 ሆነ። አክስትየዋ ቁጥሮቹን ሰሙና ስለ ጫማው ጠየቁ።

ቬሎው ወገቡ ላይ የተሰፋው ለመንቀሳቀሻ 2 ሳ.ሜ. ማላወሻ ተጨምሮበት በ68 ነው። ጎኑ ሲፈታ በየጠርዙ 1.5 ሳ.ሜ. ተለቀቀ፤ በአራት ጠርዝ 6 ሳ.ሜ. ማለት ነው። ወገቡ 74 ገባ። ይህ በቂ አይደለም፤ ሰው ሲቀመጥና ሲበላ ወገቡ ይሰፋል፣ ልክ ለልክ የሆነ ቬሎ ሙሽራዋን ከምሳ በኋላ ያፍናታል። ስለዚህ ዚፑ ወጥቶ ጀርባው በክር የሚታሰር እንዲሆን ተወሰነ። አክስትየዋ ዚፕ ነው ያዘዝኩት አሉ። ልጅቷ ናት «ተይው አክስቴ፣ ልተንፍስበት» ብላ የዘጋችው።

ጎን ሲፈታ ጣጣው ብዙ ነው። ሳቲን አንዴ በመርፌ ከተወጋ ቀዳዳው አይጠፋም፤ የድሮው ስፌት መስመር እንደ ነጠብጣብ ከውጭ ይታያል። በውሃ እንፋሎት አስተኛዋለሁ የሚል ሰው ደግሞ የውሃ ጠብታ ምልክት ይጨምርበታል። ከቁራጭ ዳንቴል አበባዎቹ አንድ በአንድ ተቆርጠው መስመሩ ላይ በእጅ ተሰፉ፤ ከብብት እስከ ወገብ ሲወርዱ የታሰበበት ጌጥ መሰሉ። ለዚህ ነው ቁራጭ ዳንቴል ሰርጉ ሳያልፍ የማይጣለው።

ጎኑ ሲሰፋ የእጅጌው ማስገቢያም አብሮ በየጎኑ 3 ሳ.ሜ. ሰፋ። እጅጌው ላይ የሚለቀቅ ትርፍ አልነበረም፤ ዳንቴል ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሰፊ ትርፍ ከውጭ ይታያል፣ በ1 ሳ.ሜ. ነው የሚዘጋው። መፍትሔው ብብት ሥር ባለአራት ማዕዘን ቁራጭ ማስገባት ነው፦ ርዝመቱ 12፣ መሐሉ ላይ ስፋቱ 3 ሳ.ሜ.። እጅጌው ባይጠብም ኖሮ ይህ ቁራጭ ቢገባ ጥሩ ነበር። ወሎ ላይ ሙሽራ ቁጭ ብላ አትውልም፤ ትከሻዋን ትሰብቃለች። እጅጌው ብብት ላይ ከያዛት ቀሚሱ በሙሉ ወደ ላይ ይነሳል።

ማሰሪያው የሚያልፍበት የጀርባው ቀለበት ከዚያው ሳቲን በሰያፍ ተቆርጦ ነው የሚሠራው። 2.5 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጥብጣብ ታጥፎ ይሰፋል፣ በመርፌና በክር ይገለበጣል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጨርቅ ሲጠማዘዝ ይሸበሸባል፣ በሰያፍ የተቆረጠው ግን ይታጠፋል። 36 ሳ.ሜ. በሆነው ክፍት ላይ በየ3 ሳ.ሜ. በአንድ ጎን 12፣ በሌላው 12 ቀለበት ገባ፤ ማሰሪያው 4 ሜትር። ከቀለበቶቹ ጎን የፕላስቲክ ዘንግ ካልገባ ክሩ ሲጠብቅ ጠርዙ ይጨማደዳል። ከሥር ደግሞ 14 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው የሳቲን መሸፈኛ ገባ፣ ባንዱ ጎን ተሰፍቶ በሌላው በመንጠቆ የሚያዝ፤ ሙሽራዋ ገላዋ እንዲታይ አትፈልግም።

ዓርብ ከሰዓት መብራት ሄደ። የእግር ሲንጀሯ በአዲስ 11 ቁጥር መርፌ ቀጠለች፤ የዶለዶመ መርፌ የሳቲን ክር ይስባል። መተኮሱ ግን እስከ ማታ ቆየ፣ ምክንያቱም ሳቲን ላይ የከሰል ካውያ አይታሰብም፣ አንዲት የፍም ብናኝ ትበቃዋለች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቬሎው ተሰቀለ። አክስትየዋ ለተጨማሪው ሥራ አንከፍልም አሉ፤ ልጅቷ ከፈለች። ሰርጉ ላይ የነበሩ ሲነግሩን፣ አክስትየዋ የጀርባውን ማሰሪያ ያስመረጥኳት እኔ ነኝ እያሉ ሲያሳዩ ነበር።

ያን ሰሞን ዲዛይነሯ በስልክ ልኬት አልቀበልም አለች። ሳይቆይ ከጅዳ ሌላ ትእዛዝ መጣ፣ ተቀበለች፤ ወሎ ላይ በሰርግ ወቅት በዓረብ አገር ያሉ ልጆችን ትእዛዝ መልሶ የሚዘልቅ ስፌት ቤት የለም። አሁን ግን በቪዲዮ ይለካል። ልጅቷ ስስ ልብስ ለብሳ ወገቧ ላይ ክር ታስራለች፤ ወደ ጎን ስትታጠፍ ክሩ የሚያርፍበት እሱ ወገቧ ነው። ሌላ ሰው ሜትሩን ያዞራል፣ ከሥሩ አንድ ጣት ይገባል። ቁመቷ ሰርጉ ላይ በምታደርገው ታኮ ጫማ ይለካል። ሜትሩ ምን ያህል እንደጠበቀ ግን ካሜራው አያሳይም፤ ስለዚህ የጎኑ 2.5 ሳ.ሜ. አልተቀነሰም። አንዳንድ እናቶች ገበሩን ገልበጥ አድርገው ይሄ ሁሉ ትርፍ ምንድን ነው፣ አልተከረከመም ይላሉ። ከሰርጉ በኋላ አምጡት፣ ያኔ ይከረከማል ይባላሉ።