እጇ ማይኩ ላይ

ዛሬ ከሰዓት ከአንዲት ዘፋኝ ጋር ጣና ዳር ልምምድ ላይ ነበርን። ልጅቷ ያደገችው አዝማሪ ቤት ነው፤ ያለ ማይክ ቤት የሚሞላ ድምፅ አላት። ማይክ ስትይዝ ግን ራሱ ላይ ያለውን የሽቦ ወንፊት በመዳፏ ጨበጠችው። ሞኒተሩ፣ ወደ ዘፋኙ የዞረው ስፒከር፣ ጮኸ። ደነገጠችና ይባስ አጥብቃ ያዘችው።

«የኔ እህት፣ እጅሽን ዝቅ አድርጊው» አልኳት። የመድረክ ማይክ ከኋላው የሚመጣውን ድምፅ የሚቀንሰው ከወንፊቱ ስር ባሉት ክፍተቶች ነው፤ እነሱ ሲደፈኑ ከሞኒተሩ የሚወጣውን መልሶ ይሰበስብና ያፏጫል።

ከዚያ አንዲት የትዝታ ስንኝ ከንፈሯን አስጠግታ በቀስታ እንድትላት ለመንኳት። ማይክ ሲጠጉት ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል። ጀመረች። ከቃሉ በፊት የሳበቻት ትንሿ ትንፋሽ ሳትቀር በስፒከሩ ተሰማች። ቆመች።

«ይሄ የኔ ድምፅ ነው?» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ለካ እስከ ዛሬ ድምጿን የምታውቀው ከፍ አድርጋ ስታወጣው ብቻ ነበር! ማሲንቆ፣ ጭብጨባና እልልታ በሞላበት ቤት ሌላ ምን ምርጫ አላት? ያ ጉልበት እንዲጠፋባት በፍጹም አልፈልግም። ስትጮህ ማይኩን በስንዝር እንድታርቀው፣ ስትወርድ እንድታስጠጋው፣ ዛሬ ያሳየኋት ይህንኑ ነው። ነገ የምንጀምረው ያለ ማይክ ነው፣ ፊታችንን ወደ ሐይቁ አዙረን።