ታካሚ ሲበዛ

ድሬዳዋ ውስጥ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ በመጋላ በኩል፣ ከቀፊራ ገበያ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ አንዲት መካከለኛ ክሊኒክ አለችኝ። በ2004 ዓ.ም. ስከፍታት አራት ነበርን፤ ዛሬ ሰባት ነን። በሙያዬ ጤና መኮንን ነኝ፤ ሰፈሩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ዶክተር» ማለቱን አልተወም፣ እኔም ማረሙን ከተውኩ ቆይቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያለ አንዳች ቀውስ ያለፈ ዓመት ብፈልግ ሦስት ቢገኝ ነው። በሌላው ሁሉ ወይ ወረርሽኝ ገብቷል፣ ወይ መንገድ ተዘግቷል፣ ወይ ዋጋ ሰማይ ወጥቷል። በቅርቡ የራሱን ክሊኒክ ለመክፈት የሚያስብ አንድ ወዳጄ «ታካሚ ሲጠፋ እንዴት ነው የምትቋቋመው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት ስቸገር ቆየሁ፤ ምክንያቱም እኔ በሩን ልዘጋ የደረስኩት ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ሁለቱም ጊዜ ታካሚ ከደጃፍ አልፎ መንገድ ላይ በተሰለፈበት ዓመት ነበር።

ድሬ ያደገ ሰው የዚህን ነገር መልክ ቀድሞ ያውቀዋል። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ሳይታሰብ ይመጣል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሞልቶ ወጥቶ ከ250 በላይ ሰው ሲገድል እኔ የጤና ተማሪ ነበርኩ፤ ከጓደኞቼ ጋር ሄደን በመጠለያ ድንኳን ውስጥ ቁስል አጥበናል። ከዚያ ጊዜ ከሁሉ በላይ የማስታውሰው የመጀመሪያውን ሳምንት አይደለም፤ በዚያ ሳምንት እጅ ሞልቶ ነበር። የማስታውሰው ሦስተኛውን ሳምንት ነው፤ ያኔ ካሜራውም፣ መኪናውም፣ ግማሹ በጎ ፈቃደኛም ሄዶ፣ ፋሻ የሚቀይር ሰው ፍለጋ ከድንኳን ድንኳን እንዞር ነበር።

የመጀመሪያው የራሴ ቀውስ የመጣው ክሊኒኩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ከባድ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚወጋ ራስ ምታት፣ አጥንት የሚሰብር የሚመስል ሕመም የያዛቸው ሰዎች መምጣት ጀመሩ። የደም ምርመራው ወባ አያሳይም። ያኔ የብዙዎቻችን ልማድ ወባ ካልተገኘ ታይፎይድ ነው ብሎ መደምደም ስለነበር፣ ቪዳል የሚባለውን የታይፎይድ የደም ምርመራ እያሠራን አንቲባዮቲክ እያዘዝን፣ ሕመሙ እንዲበርድለት ለሚለምነን ሁሉ ዲክሎፌናክ መርፌ እየወጋን ሦስት ሳምንት ያህል ሄድን። በኋላ ሕመሙ በትንኝ የሚተላለፈው ደንጊ መሆኑ ታወቀ፤ በአገራችን በወረርሽኝ ደረጃ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነበር። በደንጊ የተያዘ ሰው ደግሞ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፒሪን ሊወስድ አይገባም፤ የመድማት አደጋውን ያባብሱታልና። የሚሰጠው ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ነው። ይህን በሰማሁ ማታ የታካሚ ካርዶቹን አውጥቼ ማን ማንን እንደወጋን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አድራሻ የነበራቸውን በማግስቱ በስልክም በእግርም ፈለግናቸው። ደግነቱ የከፋ ነገር የገጠመው አላገኘንም፤ ያን ሌሊት ግን አልተኛሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ታካሚው የጎረፈው። ሰው ስለ በሽታው ሰምቶ ስለፈራ፣ የታመመውም ያልታመመውም መጣ። በደንጊ አስቸጋሪው ነገር ትኩሳቱ የሚበርድበት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ባለው ውስጥ፣ አደጋው የሚጀምርበት ሊሆን መቻሉ ነው፤ ሆድ አጥብቆ ካመመ፣ ትውከት ካልቆመ፣ ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። ታካሚው ግን «ትኩሳቱ ለቆኛል» ብሎ ጫማውን እያሰረ ነው። ቁጭ ብሎ ለማስረዳት ጊዜ ያስፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ሌላ ሁሉ ሞልቶን ያጣነው እሱን ነበር። በዚህ ላይ ሁሉም በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ ይፈልጋል። አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጥተው፣ ልጁ በአፉ በደንብ ስለሚጠጣ ድሪፕ እንደማያስፈልገው ስነግራቸው «ዶክተር፣ እኔ ብር የለኝም ብዬሃለሁ እንዴ?» አሉኝ። እንዳልከለከልኳቸው ለማሳመን ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ከኋላቸው ስምንት ሰው ተጨምሯል። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ድሪፕ ብሰቅል ኖሮ ያን ጊዜ ቆንጆ ገንዘብ አገኝ ነበር፤ ይህን የምጽፈው ራሴን ለማመስገን አይደለም፣ ምክንያቱም ሌላውን ስህተት ሳልሠራ አልቀረሁም።

ሌላው ስህተት ማስፋፋት ነው። ሰልፉን አይቼ ከጎናችን ያለውን ሱቅ ተከራየሁ፣ አራት አልጋ ጨመርኩ፣ ሁለት ነርስ ቀጠርኩ፣ ያገለገለ የሲቢሲ (የደም ሕዋስ ቆጠራ) ማሽን ግማሹን በዱቤ ገዛሁ። በጥቅምት በየቀኑ የሚገባውን ብር እያየሁ ያሰላሁት ስሌት ሁሉ ትክክል ይመስል ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ትንኙም በሽታውም ቀነሰ፤ ኪራዩ፣ ደሞዙና ዱቤው ግን አልቀነሱም። የሲቢሲ ማሽኑ ሪኤጀንት፣ ማለትም የመመርመሪያ ኬሚካሉ፣ ከተከፈተ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ፣ በቀን ሁለት ሰው እየመረመርን የቀረውን እንደፋ ነበር። በመጋቢት ባጃጄን ሸጥኩ። የቀጠርኳቸውን ሁለት ነርሶች አሰናበትኩ፤ አንደኛዋ ከቋሚ ሥራ ለቃ የመጣች ነበረች፣ እስካሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዋ አጭር ነው፣ አልፈርድባትም።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ የሚባለው ሌላው የትንኝ በሽታ ሲገባና በከተማዋ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲይዝ፣ ተምሬያለሁ ብዬ ነበር። አልጋ አልጨመርኩም፣ ሰው አልቀጠርኩም። ያልጠበቅሁት የራሴ ሰዎች መውደቃቸውን ነው። ቺኩንጉንያ ብዙም አይገድልም፤ መገጣጠሚያን ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይይዛል። ከክሊኒኩ አጠገብ ያለችው ልብስ ሰፊ መቀሷን በሁለት እጇ ይዛ ጨርቅ ስትቆርጥ አይቻታለሁ። ከእኛም መጀመሪያ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያኑ፣ ቀጥሎ ነርሷ፣ ከዚያ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ በአሥር ቀን ውስጥ ተራ በተራ ተያዙ። ቴክኒሺያኑ በአራተኛው ቀን ተመልሶ ሲመጣ ጠብታ ማንሻውን በአውራ ጣቱ መጫን አቅቶት ዓይኑ እንባ ሞላ። ወደ ቤቱ መለስኩት፣ ያለ ላቦራቶሪም ዘጠኝ ቀን ሠራን።

የት እንደተያዙ የገባኝ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለፍተሻ ሲመጡ ነው። ድሬ ላይ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል የሌለው ግቢ የለም፤ ደንጊንም ቺኩንጉንያንም የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው ትንኝ ደግሞ የምትፈለፈለው በጓሮ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው። የምትናከሰውም በቀን ነው፤ ስለዚህ አጎበር የተኛን ሰው እንጂ ቀኑን ሙሉ ላቦራቶሪ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው አያድንም። ይህን ሁሉ በየቀኑ ለታካሚ እናገራለሁ፤ በር ላይም ለጥፌዋለሁ። ከኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ አንዷ ከክሊኒኩ ጓሮ ያለውን የራሳችንን በርሜል ከፍታ በነጭ ሳህን ውሃ ቀዳችና ምንም ሳትናገር ወደ እኔ ዘረጋችው። ሳህኑ ውስጥ እንደ ኮማ የተጣመሙ ጥቃቅን እጮች ከላይ ወደ ታች ይዋኙ ነበር። ክዳኑ ከሁለት ወር በፊት ተሰብሮ በካርቶን ሸፍነነው ኖሯል። «ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ለምን ያገለግላል?» ስትለኝ «ለእጅ መታጠቢያ» አልኳት፤ አንገቴን ደፍቼ ነው የመለስኩላት።

ባዶ የሆንባቸውን ጊዜያት በአጭሩ ብነካቸው ይበቃል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገሪቱ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ሰው ክሊኒክ መምጣት ፈራ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ በአገር ደረጃ ግርግር ተነሣ፣ ኢንተርኔቱም ለሳምንታት ተቋረጠ። ገቢያችን ከግማሽ በታች ወረደ። ሆኖም ያ ጊዜ አላናወጠንም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወጪው ትንሽ ነበር፣ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የደሞዙን ሁለት ሦስተኛ ለመውሰድ ተስማማ፣ አከራያችን ጋሼም «ሰው እንጂ ቤት አይራብም» ብለው የሁለት ወር ኪራይ አስተላለፉልን። ከሁሉ በላይ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸውን ታካሚዎቻችንን ስልክ እየደወልን መድኃኒት እንዳያቋርጡ የምናሳስብበት ጊዜ አገኘን። ዛሬ ክሊኒኩን በቋሚነት የሚያቆሙት እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ ያወቅናቸውም ያኔ ነው።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የለመድነው የወቅት አቆጣጠር ራሱ ተዛብቷል። ድሮ የወባ መድኃኒትና መመርመሪያ የምንገዛው ክረምቱ ሲወጣ፣ ለመስከረምና ለጥቅምት ብለን ነበር። በዚያ ዓመት ግን ወባው በበጋ፣ በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መኖሪያ ሳይቀር ተነሣ። ምክንያቱ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ናት፤ በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታየችው በጅቡቲ ነው፣ በእኛ አገር ደግሞ በቀብሪ ደሃር። እሷም እንደ ኤደስ በርሜልና ታንከር ትወዳለች፤ ዝናብ አትጠብቅም። ስለዚህ አሁን የወባ መመርመሪያ ዓመቱን ሙሉ ከመደርደሪያ አይጠፋም፣ ግን በትንሽ በትንሹ ነው የምገዛው። የመጠባበቂያ ዕቃ ማከማቸትን የሚመክሩ ሰዎች የድሬን ሙቀት የሚረሱ ይመስለኛል። መብራት ሲጠፋ የሪኤጀንቱ ፍሪጅ ከ8 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ ባዶውን ቦታ በሙሉ ውሃ በሞሉ ጠርሙሶች ሞልተነዋል፤ ጠርሙሶቹ ቅዝቃዜውን ለተወሰኑ ሰዓታት ይይዙታል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጄኔሬተር ነው፣ ጄኔሬተር ደግሞ ነዳጅ ነው፣ የነዳጅ ሰልፉን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አቅራቢያችን ፕሮፎርማ ልኮልን በማግስቱ ስደውል «እሱ የትናንት ነው» አለኝ። በዚያን ጊዜ ከመግዛት ይልቅ መቀነስን መረጥን፤ አሥር ዓይነት ምርመራ እንሠራ ከነበረው ሦስቱን አቁመን፣ ናሙናውን ከእኛ ወደሚበልጥ ላቦራቶሪ መላክ ጀመርን። ትርፉ ያንሳል፣ ግን የሚደፋ ሪኤጀንት የለም።

ለወዳጄ የነገርኩት እንግዲህ ይህን ነው። የአራት ወር ኪራይና ደሞዝ በተለየ ደብተር አለኝ፤ በወረርሽኝ ጊዜ ከወትሮው በላይ የሚገባው ብር በሙሉ ወደዚያ ይሄዳል እንጂ ወደ አልጋ አይሄድም። ሰልፍ እያለ ምንም ነገር በዱቤ አልገዛም፣ ሰው አልቀጥርም፤ ከሌሎች ሁለት ክሊኒኮች ጋር ተነጋግረን አንዳችን ሠራተኛ ሲታመምብን ሌላው በቀን ሒሳብ ሰው ያውሰናል። ከጠዋቱ ሠራተኞች መካከል አንዷ፣ ወረርሽኝ ሲሆን፣ ካርድ አታወጣም፣ መርፌ አትወጋም፤ ሥራዋ ሰልፉ ውስጥ እየዞረች ትኩሳት የለቀቃቸውን፣ ሆዳቸውን የያዙትን፣ ልጅ ያቀፉትን ወደ ፊት ማምጣት ብቻ ነው። ወዳጄ የመጨረሻውን ሲሰማ «ታዲያ እሷ ገቢ አታመጣም እኮ» አለኝ። አዎ፣ አታመጣም።

ይህን የምጽፈው በግንቦት ሙቀት፣ ከሰዓት በኋላ ከተማው በርጫ ላይ ሳለ፣ አንድም ታካሚ በሌለበት ሰዓት ነው። ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ይሰማኛል፤ የበርሜሉን ክዳን በየዓመቱ ከክረምት በፊት እናድሳለን፣ ዘንድሮ ቴክኒሺያኑ ራሱ ነው የያዘው። ሰው እንዲሠራለት ብነግረውም እምቢ አለኝ።