ገመዱን ቀይሬ በከራውን ረሳሁት

የዊንቼን፣ ማለት መኪናዬ ፊት ላይ ያለውን ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትት ሞተር፣ የብረት ካቮ ያወረድኩት እጄ ስለተማረረ ነው። ካቮ የጎተተ ሰው ያውቀዋል። ከመሃል አንዷ ቀጭን ሽቦ ትበጠስና እንደ እሾህ ቀጥ ብላ ትጠብቅሃለች፤ ጓንትም አያስጥላትም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ካቮው ራሱ ሲበጠስ ነው፤ ተወጥሮ ቆይቶ ሲለቅ እንደ ጅራፍ ነው የሚመጣው።

በምትኩ ያስገባሁት ሰው ሠራሽ ገመድ 25 ሜትሩ ተጠቅልሎ ሁለት ኪሎ አይሞላም። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። አሥራ ሁለት ነጠላ ተጎንጉኖ ነው የተሠራው፤ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ 9 ቶን ይችላል ይላል ማሸጊያው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው። አብረውኝ የሚወጡት አንጋፋ ሾፌር ግን ገና ሲያዩት፣ “አንተ ልጅ፣ ይሄ የልብስ ማስጫ ነው እንዴ?” አሉኝ።

“ቆይ ጋሼ፣ ያዩታል” አልኳቸው። አዩት።

ሚያዝያ ላይ ነው፤ እዚያ ቆላ ዋናው ዝናብ ያኔ ነው። ሁለት መኪና ሆነን ከጂንካ ወደ ማጎ ፓርክ ወረድን። የማጎን መረሬ አፈር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ሲደርቅ አስፋልት ነው፤ አንድ ጥሩ ዝናብ ሲጥልበት ግን ጎማውን እንደ ቡኮ ይለብሰውና ጥርሱን ይደፍነዋል፣ ከዚያ ኮብራም ሁን ሌላ ያው ነህ። የእኔዋ ኮብራ ዕቃ ጭና ሦስት ቶን ትጠጋለች፤ አንድ ጎርበጥ ያለ ቦታ ላይ ሆዷ መሬት ነካ፣ አለቀ። የጋሼ መኪና ከኋላ ደረቁ ላይ ቀርታለች፤ ዊንች የላትም፣ ብትጠጋም ሁለተኛ ተቀባሪ ከመሆን በቀር ምንም አትረዳም። የገንዲ ዝንቡ ደግሞ በሸሚዝ ላይ ነው የሚነክሰው።

መጀመሪያ ገመዱን በቀጥታ ዛፍ ላይ አሰርኩት። (በሰፊ ቀበቶ ነው እንጂ ገመዱን ራሱን ግንድ ላይ አይጠመጥሙም፤ ዛፉንም ገመዱንም ይበላል።) ዊንቹ አጓራ፣ የመኪናው መብራት ደበዘዘ፣ ኮብራ ንቅንቅ የለም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ዊንቹ ላይ 5.4 ቶን ተብሎ የተጻፈው ገመዱ በሚጠቀለልበት ከበሮ ላይ አንድ ድርብ ብቻ ሲቀረው ነው። ገመዱ ላይ በላይ በተደረበ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ አራት አምስት ድርብ ካለ ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛው ያህል ይጠፋል። ዛፉ ቅርብ ስለነበር እኔ ብዙ ገመድ ከበሮው ላይ እንዳለ ነበር የምጎትተው።

ስለዚህ በከራውን፣ ገመድ የሚዞርበትን ባለ ቦይ መንኮራኩር፣ አወጣሁ። በከራው ዛፉ ላይ ይታሰራል፣ ገመዱ በሱ ዞሮ ተመልሶ መኪናው ራሱ ላይ ይያያዛል። አሁን መኪናዋን የሚስቧት ሁለት መስመሮች ናቸው፤ ገመዱ ላይ የሚያርፈው ጭነት በግማሽ ይወርዳል፣ ፍጥነቱም እንደዚያው በግማሽ። ገመዱ ድርብ ስለሚወጣ ከበሮው ላይ ያለውም ያንሳል፣ ስለዚህ ዊንቹ በዚያም በኩል ጉልበት ያገኛል። ማን ይከፍላል ካልክ ዛፉ ነው፤ የሁለቱን መስመር ድምር የሚሸከመው እሱ ነው፤ ስለዚህ ደረቅ ጉቶ አትመን። ገመዱን ስታወጣም ቢያንስ 10 ዙር ከበሮው ላይ ይቅር፤ እንደ ካቮ ሻካራ ስላልሆነ ያመልጣል።

ብርድ ልብስ ገመዱ ላይ ጣል አድርጌ መጎተት ጀመርኩ። ኮብራ ተነቃነቀች። ሁለት ሜትር ያህል ወጣች። ጋሼ ማጨብጨብ ሲጀምሩ ነው ገመዱ በከራው ላይ ብጥስ ያለው።

ጅራፍ የለም፣ ፉጨት የለም። እንደ ደከመው ሰው ጭቃው ላይ ተጋደመ። ጋሼ በካቮ ዘመን ያዩት አለ መሰለኝ ዛፍ ኋላ ገብተው ነበር፤ ወጥተው አዩትና ምንም አላሉም።

በከራውን ከፍቼ ጣቴን ቦዩ ውስጥ ሳስገባ ገባኝ። በከራው የድሮዬ ነው፣ ስንት ዓመት ካቮ ሲዞርበት የኖረ። ካቮው ብረቱን ፍቆ ፍቆ ጥርስ አውጥቶለታል፤ እኔ ደግሞ ገመዴን እዚያ መጋዝ ላይ ወጥሬ እየጎተትኩ ነበር። ገመድ የቀየረ ሰው ገመዱ የሚነካውን ሁሉ መቀየር እንዳለበት አውቅ ነበር፤ ፊት ለፊት ገመዱ ሲወጣ የሚያልፍበትን ሮለር አውጥቼ ለስላሳ አሉሚኒየም ያስገባሁት እኮ ለዚሁ ነው። በከራው ግን ሳጥን ውስጥ ስለሚኖር ዓይኔ አልገባም።

የገመዱ ደግነት እዚያው ይጠገናል። ቋጠሮ አይሆንም፣ አቅሙን በግማሽ ይቀንሰዋል። ውስጡ ባዶ ስለሆነ የአንዱን ጫፍ በሌላው ሆድ ውስጥ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ታስገባለህ፣ ሁለተኛውንም እንደዚሁ፤ ሲጎተት ራሱን በራሱ ያንቀዋል። በእስክሪብቶ ቀፎና በፕላስተር አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ግማሹ ከዝንቡ ጋር ስሟገት ያለፈ። ጋሼ በዚያ መሃል በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት የበከራውን ቦይ ሲያለሰልሱ ቆዩ። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ወጣን።

አዲስ አበባ ስመለስ በከራ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ገባሁ። ቦዩ ለስላሳ፣ የመንኮራኩሩ ስፋት ቢያንስ የገመዱን ውፍረት ስምንት እጥፍ፣ ለእኔው 8 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው፤ ጎኑ ላይም ገመድ የሚሰነቀርበት ክፍተት የሌለው። ገመዱንም ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በንጹህ ውሃ አጥበዋለሁ፣ በነጠላዎቹ መሃል የሚገባው አሸዋ ከውስጥ ስለሚፈጨው። ሙቀትም አይወድም። 150 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊትም ይዳከማል፤ ፍሬኑ ከበሮው ውስጥ በሆነ ዊንች መኪና ወደ ቁልቁለት ማውረድ ትቻለሁ።

አዲሱን በከራ ደግሞ አላበድርም። ባለፈው አንዱ ጓደኛዬ ለአንድ ቀን ብቻ አለኝ፤ መኪናው ላይ ያለው ካቮ ነው። ስስታም ብሎኝ ሄደ።