ሦስት ቁጥሮች

ደብዳቤው ከመጣ አራት ቀን ሆነው። ኦነርስ ፕሮግራም ገብቻለሁ፣ ዩኒቨርሲቲው ጥሩ ውጤት ያላቸውን መርጦ ጠለቅ አድርጎ የሚያስተምርበት። ስጽፈው እንኳን ደስ ይለኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። እማዬ በስልክ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፣ ሁለተኛው ላይ ድምጿ ተቆራረጠ።

ዛሬ ማታ የሚቀጥለውን ሴሚስተር ኮርሶች ልመርጥ ቁጭ አልኩ። ደስ የሚሉ ነገሮች አሉ። ጥቂት ተማሪ ብቻ ያለባቸው ሴሚናሮች፣ መምህሩ ሌክቸር የማያደርግባቸው፣ ሁሉም አንብቦ መጥቶ የሚከራከርባቸው። ተራ ኮርስንም ቢሆን ከመምህሩ ጋር ተስማምቶ፣ ተጨማሪ ሥራ ወስዶ የኦነርስ ማስባል ይቻላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከአማካሪ ጋር ዓመት ሙሉ የሚለፋበት የመመረቂያ ጥናት አለ። ከታች በትንንሽ ፊደል ደንቡ ተጽፏል፦ ጂፒኤ፣ ማለትም አማካይ ውጤት፣ ከ3.5 ከወረደ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ካልተስተካከለ መውጣት።

3.5 የምትለዋን ሳይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እሷ 3.43 ናት።

እሷ የምላት የዶርም ጓደኛዬን ነው። አላመለከተችም፣ ቁጥሯ ስለማይፈቅድ። ቁጥሯን ካወረዱት አንዱ ስታቲስቲክስ ነው። ያንን ኮርስ አብረን ነው የወሰድነው። እኔ ኤ፣ እሷ ቢ ማይነስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የናሙና ቫሪያንስ፣ ማለትም ከብዙ ውስጥ የተወሰዱ ጥቂት ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተበታተኑ፣ ስናሰላ በቁጥሮቹ ብዛት አናካፍልም፣ ከብዛቱ አንድ ቀንሰን ነው። እኔ ቀመሩን ሸመደድኩ፣ አለቀ። እሷ ግን «አንዱ ለምንድነው የሚቀነሰው?» ብላ ያዘች። ክፍል ውስጥ ጠየቀች፣ ጊዜ የለንም ተብሎ ታለፈ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ቀሰቀሰችኝ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ በአንድ የተበላሸ ወረቀት ጀርባ 2፣ 4፣ 9 ብላ ጻፈች። አማካያቸው 5። ከሥራቸው ደግሞ ከአማካዩ ያላቸውን ልዩነት ደረደረች፦ ሦስት ሲቀነስ፣ አንድ ሲቀነስ፣ አራት ሲደመር። ድምሩ ዜሮ።

«አየሽ? ሁሌም ዜሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሁለቱን ከነገርኩሽ ሦስተኛውን ራስሽ ታውቂዋለሽ። ሦስት ይመስላሉ እንጂ ነጻ የሆኑት ሁለት ናቸው።»

ከዚያ አላቆመችም። አማካዩ ከራሳቸው ከቁጥሮቹ ስለወጣ ሁሌም ወደነሱ ይጠጋል፣ ስለዚህ መበታተናቸው ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል፣ በትንሽ ቁጥር ማካፈሉ ያንን ለማካካስ ነው እያለች አስረዳችኝ። እንቅልፌ ጠፋ። ፈተናው ላይ ይህችው ጥያቄ መጣች፣ እኔ በሁለት መስመር መልሼ ወደሚቀጥለው ሄድኩ። እሷ ገጽ ሙሉ ጻፈች፣ ማረጋገጫውን ሳይቀር፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ሳትነካ ሰዓቱ አለቀባት።

ትናንት ይህ የኦነርስ ነገር ከየት እንደመጣ ሳነብ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ነገሩን ካስፋፉት አንዱ ፍራንክ አይደሎት ነው፣ ኦክስፎርድ ተምሮ የተመለሰ ሰው። ስዋርዝሞር ኮሌጅን ሲመራ እ.ኤ.አ. በ1922 ጀመረው። ያኔ ተማሪዎቹ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በትንንሽ ሴሚናሮች ይማሩ ነበር፣ መጨረሻ ላይ የሚፈትኗቸው ከሌላ ተቋም የመጡ ሰዎች ናቸው፣ በጽሑፍም በቃልም። ያስተማረሽ ሰው አይፈትንሽም። የሱን ቃል መልሰሽ ብትደግሚ አያዋጣሽም ማለት ነው። ይህን ሳነብ የመጣችልኝ እሷ ናት። የማታውቀው ፈታኝ ፊት ቁጭ ብላ፣ ወረቀት ስቦ «እስቲ ከመጀመሪያው አስረዱኝ» ሲላት። ያ ሰው ሁለታችንንም ቢጠይቀን ማናችን ጋ እንደሚቆይ አልጠፋኝም።

ቢሆንም ከትናንት ጀምሮ የሚከነክነኝ ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ማመልከቻው ላይ አንድ ድርሰት ነበረ። ለረጅም ጊዜ ያልለቀቀሽን አንድ ጥያቄ ጻፊ ይላል። ሦስት ቀን ባዶ ወረቀት ሳይ ከረምኩ። በአራተኛው ቀን ስለ ተቀናሿ አንድ ጻፍኩ። ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ ከልቤ። ሌሊቱን፣ የወረቀቱን ጀርባ፣ 2፣ 4፣ 9ን። ሳስገባው ችኮላ ላይ ነበርኩ፣ አሁን ግን ከፍቼ አየሁት። «አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ ሦስት ቁጥሮች ጻፍኩ» ይላል። ጻፍኩ ነው ያልኩት። ጻፈች አላልኩም። ድርሰቱ ውስጥ እሷ የለችም። አስቤ እንዳላወጣኋት እርግጠኛ ነኝ ለማለት ፈልጌ ነበር፣ ደጋግሜ ሳስበው ግን አንድ ረቂቅ ላይ «የዶርም ጓደኛዬ» ብዬ ጀምሬ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ደብዳቤው የመጣ ቀን እቅፍ አድርጋኝ «ይገባሻል» አለችኝ። የምሯን ነው፣ አውቃታለሁ። ከዚያ «ድርሰቱን አሳዪኛ፣ ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አለች። ነገ አልኳት። በማግስቱም ነገ አልኳት። ዛሬ ጠዋት ጥርሷን እየቦረሸች እንደገና ጠየቀችኝ።

አሁን ተኝታለች፣ መብራቷ እንደበራ፣ መጽሐፉ ደረቷ ላይ። ፋይሉ እኔ ጋ ተከፍቷል። ከማንበቧ በፊት ቀድሜ ልንገራት ወይስ ራሷ ታንብበው? ከነገርኳት በኋላስ ለፕሮግራሙ ሰዎችም መጻፍ የለብኝም?