ታሞ የጻፈውን ቆሞ ሲዘፍን

ከሰሞኑ የስኮትላንዷን ከተማ የግላስጎውን ባንድ ቤል ኤንድ ሰባስቲያንን እየሰማሁ ነው። አዲስ ሥራቸውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ለንደን ባርቢካን አዳራሽ ያቀረቡትን ኮንሰርት ነው። ያን ምሽት «ኢፍ ዩር ፊሊንግ ሲኒስተር» የሚለውን የ1996 አልበማቸውን ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ አሥረኛው፣ ተራው ሳይዛነፍ ተጫወቱት።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ድምፃዊው ከየካሴቱ አንድ አንድ እያነሳ ይዘፍናል፣ ሕዝቡ የሚወደውን እየጠራ ይጮኻል፣ በቃ። እዚህ ግን ታዳሚው ቀጥሎ የሚመጣውን በቃሉ ያውቀዋል። ለምን መጣ ታዲያ? እኔም እንደዚያ ስል ነበር፣ እስክሰማው ድረስ።

ዝግጅቱ ባንዶች የቆዩ አልበሞቻቸውን ሙሉውን የሚጫወቱበት «ዶንት ሉክ ባክ» የሚባል ተከታታይ ኮንሰርት አካል ነበር። እነሱ ግን የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ዘፈኖቹን ይወዷቸዋል፣ የተቀረጹበት ድምፅ ነው ያልተዋጠላቸው። የባንዱ መሪ ስቱዋርት መርዶክ ይህን ደብቆ አያውቅም።

እውነትም የስቱዲዮው ቅጂ ሳሳ ያለ ነው። የመጀመሪያውን ዘፈን፣ «ዘ ስታርስ ኦፍ ትራክ ኤንድ ፊልድ»ን፣ በኢርፎን ስሙት። መርዶክ ሲጀምር ከአጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ብቻ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ቃሉ አይያዝላችሁም፣ ድምፁን ትጨምራላችሁ። አሁንም አይበቃም፣ ትጨምራላችሁ። ከዚያ ቀስ በቀስ ከበሮው ይገባል፣ ጊታሩ ይወፍራል፣ ትራምፔቱ ይመጣል፣ እናንተም መልሳችሁ ለመቀነስ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ትፈልጋላችሁ። እኔ ይህን ያደረግሁት አውቶቡስ ውስጥ ነው። አጠገቤ የነበሩት እናት ዞር ብለው አዩኝ።

ያ የሳሳ ድምፅ ከየት እንደመጣ ሳስብ ሁሌም ወደ ሕመሙ እመለሳለሁ። መርዶክ ወጣት ሳለ ኤም ኢ በሚባለው፣ አቅም አሳጥቶ አልጋ ላይ በሚጥል የድካም ሕመም ተይዞ ለዓመታት ከሥራ ውጭ ሆነ። ዘፈን መጻፍ የጀመረው ያኔ ነው። ትንሽ ሲሻለው ግላስጎው ውስጥ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በላይ ባለ ቤት እየኖረ አዳራሹን ይጠብቅ ነበር። የመጀመሪያው አልበማቸው «ታይገርሚልክ» የአንድ ኮሌጅ የሙዚቃ ኮርስ ፕሮጀክት ሆኖ የታተመው 1000 ሸክላ ብቻ ነበር። «ሲኒስተር» የወጣው በዚያው ዓመት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ቤት ውስጥ የዋለ ሰው መስኮቱ ላይ ሆኖ ያያቸው ሰዎች ሞልተውበታል፦ ስፖርተኞቹ፣ ወታደሩ ሹም፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለጥያቄዋ መልስ ያላገኘችው ልጅ።

ባርቢካን ላይ የሚዘፍነው ግን የ37 ዓመት ሰው ነው። ድምፁ ደረት አለው። ባንዱም ዘጠኝ ዓመት መድረክ ላይ የተፈተነ ባንድ ነው። «ጌት ሚ አዌይ ፍሮም ሂር፣ አይም ዳይንግ» ላይ «ከዚህ አውጡኝ፣ ልሞት ነው» ይላል፣ ሲያበቃ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። ሳቄ መጣ። ልሞት ነው የሚል ሰው እንዲህ ሲያምርበት!

«ሚ ኤንድ ዘ ሜጀር» ያለ ጥርጥር የመድረኩ ይበልጣል። ፈጣን ነው፣ ሃርሞኒካው ይጮኻል፣ ስቱዲዮ ውስጥ ታፍኖ ነበር። «ዘ ፎክስ ኢን ዘ ስኖው» ላይ ግን አልስማማም። ያ ዘፈን አቅም የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም። በዚያ ላይ በመጀመሪያው ቅጂ ቸሎ የሚባለውን ትልቅ የክር መሣሪያ የተጫወተችው ኢዞቤል ካምቤል በ2002 ከባንዱ ወጥታለች፣ ባርቢካን ላይ የለችም። ጆሮዬ እሷን ይፈልጋል። የተጫወቱት ተሳስተው አይደለም፣ እኔ ነኝ የለመድኩትን የምሻ።

በነገራችን ላይ የኮንሰርቱ ቅጂ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሲሸጥ ገቢው የሄደው በጥቅምት 2005 ፓኪስታንን ለመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች ነበር።

የበሽተኛ ዘፈን በጤነኛ አፍ፣ ብዬ ለራሴ ደምድሜ ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አልተቆረጠም። ሕመሙ ጨርሶ እንዳልለቀቀው፣ እየተመለሰ እንደሚያስቸግረው መርዶክ ራሱ ይናገራል። በ2024 ደግሞ «ኖባዲስ ኤምፓየር» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግላስጎው ውስጥ በዚሁ ሕመም የተያዘ ወጣት ታሪክ። በዘፈን አልወጣለትም ማለት ነው። መጽሐፉን ካነበብኩ በኋላ «ፎክስ»ን በሁለቱም ቅጂ ደግሜ እሰማዋለሁ፣ ምናልባት በመድረኩ ላይ የፈረድኩት ቸኩዬ ይሆናል።